ጋሽ ሁንዴና የሽንኩርት ጆንያ

ጋሽ ሁንዴ ማረፋቸውን የሰማሁት ከዕድሩ ለፋፊ ነው። ሻሼን አስሬ፣ ሻይ ቤቴን ከፍቼ ገና ማንቆርቆሪያውን ስጥድ፣ ለፋፊው በድምፅ ማጉያው የአሰልጣኝ ሁንዴን ስም ጠርቶ ቀብሩ ዛሬ መሆኑን ተናግሮ አለፈ። ክዳኑን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መታመማቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ያ ሰው ይተኛል እንጂ ይሞታል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ሻይ ሊጠጡ የመጡት የባጃጅ ልጆችም ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከመሃላቸው አንዱ፣ "እንግዲህ ማን ይቆጣናል?" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙም አልሄደም።

ጋሽ ሁንዴ ዕድሜያቸውን እዚሁ አዳማ በየጋራዡ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ የተረፋቸውን ጊዜ ደግሞ ሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ላለው አቧራማ ሜዳ ሰጡት። መጀመሪያ ወንዶችን ያሠለጥኑ ነበር፤ እኔ በደንብ ያወቅኳቸው ግን የሰፈራችንን የሴቶች ቡድን ከያዙ በኋላ ነው። ሜዳ የሚገቡት ቱታቸውን አስተኩሰው ነው። አዎ፣ ቱታ። መሃሉ ላይ መስመር የወጣለት፣ የሠርግ ሱሪ የመሰለ ቱታ። አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል፤ አቧራው ለተተኮሰ ልብስ አይራራም። እሳቸውም በየመሃሉ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ ቀና ሲሉ ልጆቹን እየተቆጡ ያመሻሉ።

ፊሽካ ከአንገታቸው አይጠፋም፤ ሲነፉት ግን አይቼ አላውቅም። በአፋቸው ነው የሚያፏጩት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ፊሽካ የዳኛ ነው፣ እኔ በማንም ላይ አልፈርድም አሉኝ። ውሸታቸውን ነው። ሲፈርዱ ነበር የሚውሉት።

በጎረምሳነታቸው ተከላካይ ሆነው ተጫውተዋል። ጎበዝ ነበሩ ወይ ሲባሉ፣ "ኳስ ትጠላኝ ነበር፤ ለምኜ ለምኜ ነው የታረቀችኝ" ይሉ ነበር። ልመናው የተደረገው ደግሞ በጀማል ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ያ ግድግዳ ሜዳውን በአንድ በኩል ይዘጋዋል። ልጅ ሆነው ኳስ ሲደበድቡበት የኖሩት ግድግዳ ስለሆነ፣ ወደ ቡድኑ የመጣች ሴት ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምትላከው ወደዚያ ነው። ቀኝ እግር የለመደችው በግራ፣ ግራ የለመደችው በቀኝ፣ እስኪደክማት ሳይሆን እግሯ እስኪገባው ድረስ ትመታለች። ኳሱ ባረፈ ቁጥር ከግድግዳው የጤፍ ብናኝ ይረግፋል። ልጆቹ ልምምድ ጨርሰው ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ከወፍጮ ቤት የወጡ ይመስሉ ነበር።

ባለወፍጮው ጀማል የልጅነት ጓደኛቸው ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ አልተስማሙም። ቅዳሜና እሁድ ሻይ ቤቴ ውስጥ የአውሮፓ ኳስ ስለሚታይ ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ነው። አንዱ ተጫዋች ሁለት ሰው አታሎ ባለፈ ቁጥር ጀማል ብድግ ይልና፣ ይኼ በልምምድ አይመጣም፣ ይኼን ከእናት ሆድ ይዘውት ነው የሚመጡት ይላል። ጋሽ ሁንዴ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "ከእናት ሆድ ይዘን የመጣነው ለቅሶ ብቻ ነው" ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸዋል። የድሮ ኳስ ሌላ ነበር፣ ሰው የሚያታልለው ባለ አብዶ ቆሞ ኳስ ይመጣለት ነበር፣ የዛሬ ኳስ ግን የቆመ ሰው አያውቅም፤ አጥቂው ካልሮጠ፣ ካልተከላከለ፣ ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ ካልነጠቀ ማንም አይፈልገውም። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚሏትን ይሏታል። "ተሰጥኦ የምትሉት ሌላ ነገር አይደለም፤ ሰው ሳያየው የተለፋ ልፋት ነው።"

እኔ ማንን እንደምደግፍ ሲጠይቁኝ፣ ሻይ የሚደግመውን ነው የምደግፈው እላቸው ነበር።

ሌንሳ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ቀጭን፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ንግግር የማታበዛ ልጅ። የመጀመሪያ ቀን ወደ ግድግዳው ሳትላክ በስህተት ጨዋታ ውስጥ ገባች። ኳስ ደረሳት። በግራ የምትሄድ መስላ በቀኝ ሄደች፤ ከፊቷ የነበሩት ልጆች ወደ ግራ ሮጠው እርስ በርሳቸው ተጋጩ። ቀጥላ የመጣችውን ደግሞ ኳሱን በእግሮቿ መሃል አሹልካ ሎጬ አበላቻት። የባጃጅ ልጆች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ከሻይ ቤቴ ወጡ። ጀማል ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ "ሁንዴ፣ ይችንም ግድግዳ ነው ያስተማራት በለኝ እስቲ" ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ሁንዴ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ማራገፍ ያዙ። ያን ቀን ዓይናቸውን አየሁት፤ ደስ ብሏቸዋል። ያን ደስታ የደበቁበት መንገድ ግን ለሌንሳ ጥሩ አልነበረም። ከሌሎቹ ይልቅ እሷን ይቆጧት ጀመር። እሷ ደግሞ ለቁጣ የተመቸች ነበረች። ልምምድ ላይ ዘግይታ ትደርሳለች። ሜዳውን ዙሩ ሲባል መጨረሻ ላይ ሆና ትጎተታለች። ግድግዳው ዘንድ ስትላክ ጥቂት መትታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ትላለች፤ አንዴ እንዲያውም እንቅልፍ ወስዷት ነው የተገኘችው። ጋሽ ሁንዴ ያን ቀን፣ ተሰጥኦ ያበላሸው ሰነፍ ይኸውላችሁ ብለው ለልጆቹ አሳዩአት። ልትናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሱ። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ማንም ልጅ ስትዘገይ ወይ ስትደክም ምክንያት አትደረድርም። "ምክንያት ሜዳ አይገባም" ነው ቃላቸው። ሌንሳ አፏን መልሳ ዘጋች።

አንድ ሰሞን፣ ሻሸመኔ ያለ የሴቶች ክለብ አሰልጣኝ ልጆች መርጣ ልትወስድ ትመጣለች ተባለ። ራሔል ትባላለች፣ ራሷ የተጫወተች ሴት ናት። እሷ እንድታይ ከባቱ ቡድን ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ሰፈሩ ሁሉ የሌንሳ ቀን ነው ብሎ ወጣ። ሌንሳ ያን ቀንም ዘግይታ መጣች፤ ማሟሟቂያው ላይም እግሯ አልነሳ አለ። ጋሽ ሁንዴ ተጠባባቂ አድርገው አስቀመጧት። ግብ ሲቆጠርብን አላስገቧትም። ሲደገምም አላስገቧትም። ጀማል ከዳር ሆኖ፣ አስገባት እንጂ አንተ ሰው፣ ግትርነትህን ቤትህ ተወው እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ሜዳውን ብቻ ያያሉ።

ተሸነፍን። ራሔል ስትሄድ ጋሽ ሁንዴን ጨብጣ፣ "ልጆችዎ ሁሉም ይሮጣሉ፣ አሰልጣኝ። ኳሷን ግን የምትወዳት አላየሁም" አለቻቸው። ማንንም አልመረጠችም። ሌንሳ ያልተጫወተችበትን ማልያ አጥፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ አልመጣችም። ከዚያም ወዲያ አልመጣችም።

ሄደው እንዲያናግሯት ብነግራቸው፣ "ሰነፍ ቤት ድረስ አይለመንም" አሉኝ። ሻይ ግን መጠጣት ትተው ነበር፤ ቀድተንላቸው ሲቀዘቅዝ እንመልሰዋለን።

አንድ ጠዋት ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ ዘንቢሌን ሊያግዙኝ ተከተሉኝ። ሽንኩርት ተራው ላይ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ አይሱዙ ቆሞ ጭነት ይራገፋል። ከላይ ያለው ሰው ጆንያውን ያሸክማል፤ ተሸካሚዎቹ በሰው መሃል እየተሽሎከሎኩ ወደየመደቡ ያደርሳሉ። እኔ ዋጋ እየጠየቅኩ ነው። ጋሽ ሁንዴ ክንዴን ያዙ። አንድ ጆንያ ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ ጭንቅላትም ፊትም አይታይም፤ ከሥር እግር ብቻ ነው ያለው።

"ይቺ አረማመድ የሌንሳ ናት" አሉኝ።

አሰልጣኝ ሰውን የሚያውቀው በፊቱ አይደለም ለካ፤ በእግሩ ነው። እኔ ማመን አቃተኝ። ጆንያው መደቡ ላይ ወረደ፤ ከሥሩ ሌንሳ ወጣች። ላብና አፈር ፊቷን ሸፍኖታል። እኛን ስታይ እንደሰረቀ ሰው ደነገጠች።

ከመደቡ ኋላ እናቷ ብድግ አለች። ጫልቱ ትባላለች፤ ዛሬ ወዳጄ ናት፣ ያን ጊዜ ግን አላውቃትም። ከዓለም ጤና አትክልት እያመጣች አዳማ ላይ የምታከፋፍል ነጋዴ ናት። ከልጇ ድንጋጤ ማን እንደመጣ ገባት። በኦሮምኛ ነው ያናገረቻቸው፤ እኔም እሰማለሁ። ጮክ አላለችም። ልጄ ሌሊቱ ሳይነጋ ከእኔ ጋር ዓለም ጤና ትሄዳለች፣ ጭነን እንመጣለን፣ አራግፋ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ እርስዎ ሜዳ ትሮጣለች፣ ደክሟት ስትገባ እንኳ ስለ ኳስ ስታወራ ትስቅ ነበር አለች። ቀጥላ፣ "ኦቦ ሁንዴ፣ ሰነፍ ናት ካሏት ወዲህ ልጄ ስቃ አታውቅም" አለቻቸው።

ጋሽ ሁንዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ሌንሳ ዞረው፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አሏት።

"ምክንያት ሜዳ አይገባም ብለውናል" አለች።

በነገረኝነት አልነበረም የመለሰችው። የታዘዘችውን እንደፈጸመች ልጅ ነው። ጋሽ ሁንዴ እዚያው፣ በዚያ በተተኮሰ ቱታ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ያልፋል፣ ይገፋቸዋል፣ አይሰሙም። በኋላ ተነሥተው፣ ተራው ሁሉ እየሰማ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ባየሁት ፈረድኩ እንጂ ያላየሁትን አልጠየቅኩም አሉ። ልጅቷን ራሴ ሻሸመኔ እወስዳታለሁ፣ ያቺ አሰልጣኝ እንድታያት እለምናለሁ ብለውም ጨመሩ። ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ጫልቱ ጥቂት አሰበችና ትሂድ አለች። ግን ሴት ልጄን ከወንድ ጋር ብቻዋን መንገድ አልሰድም ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ነበር የሄድኩት።

በሳምንቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋሽ ሁንዴ መቂ እስክንደርስ ለሌንሳ ስለ አቋቋም፣ ባቱ እስክንደርስ ስለ ሩጫ ሲነግሯት፣ ልጅቷ መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች። ይህን ሲያዩ ድምፃቸውን ቀነሱ። ቀጥሎ ነጠላዬን ጠይቀውኝ አለበሷት። ከዚያ አርሲ ነገሌን እስክናልፍ አልተናገሩም፤ ረዳቱ ሒሳብ ብሎ ሲጮኽ እንኳ በእጃቸው ዝም በል አሉት።

ሻሸመኔ ስንደርስ ራሔል አወቀቻቸው። ባያት ደስ ይለኛል፣ ግን ዛሬ ከልጆቼ ጋር ትጫወት፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አልገባም አለች። ያልጠበቅነው ነገር ሜዳው ነው። ሣር ነው። ሌንሳ በዕድሜዋ ሣር ላይ ተጫውታ አታውቅም። የኛ ሜዳ ጠንካራ ነው፤ ኳስ ያንሸራትታል፣ ያነጥራል። እዚያ ግን ወደ እሷ የላኳት ኳስ መንገድ ላይ ይቆማል፤ እሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሌላዋ ቀድማ ትወስድባታለች። የምትገፋው ኳስም ያሰበችው አይደርስም። የክለቡ ልጆች መተያየት ጀመሩ። ራሔል ሰዓቷን አየች።

ጋሽ ሁንዴ ቢጮኹ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን የቀሚሴን እጅጌ ጨምድደው ይዘው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ስል፣ "ሂጂበት፣ አትጠብቂው፣ ሂጂበት" ነው የሚሉት፤ ለራሳቸው።

አልሰማቻቸውም። ግን ቆም ብላ ሣሩን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው፤ እናቷ ሽንኩርት ስትመርጥ በጣቷ እንደምታደርገው። ቀጥሎ የመጣውን ኳስ አልጠበቀችም፤ ሄዳ ተቀበለችው። ከዚያ ያ የመጀመሪያ ቀን ያየነው ነገር መጣ። ትከሻዋ ወደዚህ፣ እሷ ወደዚያ። ሁለት ተከላካዮች ባዶ ቦታ ሲይዙ ቀሩ። ደገመችው። ኳስ ስትነጠቅም አልቆመችም፤ ተከትላ ሮጣ መልሳ ነጠቀች። ጋሽ ሁንዴ እጅጌዬን ለቀቁት።

ራሔል ጨዋታውን አስቆመችና ሌንሳን ጠርታ ያን የትከሻ አብዶ ማን እንዳስተማራት ጠየቀቻት።

"ማንም። ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸክመሽ ስትሄጂ ሰው አይለቅልሽም፤ በዚህ የምትሄጂ መስለሽ በዚያ ነው የምታልፊው።"

ራሔል ሳቀች። ከዚያ ወደ ጋሽ ሁንዴ መጥታ፣ ከልጆቼ ጋር እዚህ ትደር፣ ትሠልጥን፣ ከበረታች አስፈርማታለሁ፣ እናቷ ግን ትፍቀድ አለች። እዚያው ለጫልቱ ደወልን። በድምፅ ማጉያው ሁላችንም እንሰማለን። ጫልቱ ልጇን መረቀች፣ ፈጣሪን አመሰገነች። ከዚያ በቀስታ፣ ነገ አይሱዙው ሲመጣ ማን ያራግፍልኛል አለች። ታላቁ ልጇ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነው ያለው፤ ተሸካሚ ቀጥራ አትዘልቀውም። የሌንሳ ፊት ወደቀ። መመለሷ እንደሆነ ገባት፤ ለእኔም ገባኝ።

"እኔ አራግፋለሁ" አሉ ጋሽ ሁንዴ።

ጫልቱ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "እርስዎ? ወገብዎን ይሰብሩታል እኮ።"

"ወገቤ የራሴ ነው። ልጅቷ ትቆይ።"

ትቆይ ተባለች። ስንሰነባበት ሌንሳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት።  ሚኒባስ ውስጥ ግን መስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ብለው እኔን አስነሡኝ፤ እስከ ባቱ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ነው የሄዱት።

እንዲህ የሚባል ነገር ሰው በስሜት ይናገርና በማግሥቱ ይረሳዋል። እሳቸው በማግሥቱ ገበያ ነበሩ። ሙሉ ጆንያ አላነሡም፣ ጫልቱም አልፈቀደችም፤ ግን ከመኪናው ሥር ቆመው ያቀብላሉ፣ ሽንኩርት ይለያሉ፣ ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። የጫልቱ ታላቅ ልጅ ሥራውን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ ይህን አደረጉ። ጀማል ሊስቅባቸው ሄዶ እሱም ሲሸከም ዋለ። ማታ ሻይ ቤት ሲገናኙ ግን አልማራቸውም፤ እንግዲህ የሌንሳ ችሎታ የጆንያ ልፋት ነው ልትለኝ ነው፣ ታላቅ ወንድሟም ከልጅነቱ ጆንያ ይሸከማል፣ ኳስ ሲመጣበት ግን ይሸሻል አላቸው። ጋሽ ሁንዴ መልስ አያጡም የሚባሉ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ግን፣ "እሱን እኔም አላውቅም፣ ጀማል" አሉት። ጀማል ራሱ ደነገጠ።

የመጀመሪያ ቀን ከገበያ ወደ ልምምድ የመጡበትን አመጣጥ አልረሳውም። ቱታው መስመር የለውም፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። ልጆቹ ሜዳውን ለመዞር ተሰልፈዋል። ጋሽ ሁንዴ አላፏጩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያዋን ልጅ ወደ እሳቸው ጠሩና፣ "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አሏት። ልጅቷ ወጥመድ መስሏት ወደ ጓደኞቿ ዞር አለች። ደግመው ጠየቋት። ልብስ ሳጥብ አለች። ግማሽ ዙሪ አሏት። ሁለተኛዋ ትንሽ ወንድሟን አዝላ ሐኪም ቤት ወስዳ መልሳለች፤ እሷን ዛሬ ኳስ ብቻ ንኪ አሏት። አንዷ ደግሞ ሐቀኛ ናት፣ ተኝቼ አለች። "እንግዲያው አንቺ የእነሱንም ትሮጫለሽ" ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪታመሙ ድረስ ልምምድ በዚያ ጥያቄ ነበር የሚጀመረው። ግድግዳውን አልተዉትም፤ ቁጣውንም አልተዉትም። ብቻ መጀመሪያ ይጠይቃሉ።

ሌንሳ በፈረመች ሰሞን፣ አንድ አመሻሽ ልጆቹ ለልምምድ ከበዋቸው ተራ በተራ ሲጠየቁ ስልካቸው ጠራ። ሌንሳ ናት። ሁሉም እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አደረጉት። ልጆቹ ተንጫጩ፣ ስለ ምግቡ ጠየቋት፣ ስለ ማልያ ቁጥሯ ጠየቋት። ጋሽ ሁንዴ እስኪበቃቸው ጠበቁና ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ሌንሳ፣ ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

 ሌንሳ እየሳቀች፣ "ኳስ ስጫወት" አለች።

ጋሽ ሁንዴ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ያልሰማን ይመስል፣ አንድ በአንድ ሁላችንንም እያዩ፣ "ኳስ ስትጫወት ነው የዋለችው" አሉን።